አንዱአምላክ በድንቹ ጓሮ በፍልፈል ላይ እንደ ዘመቱ

ይህ ልጅ መስከረም ሲጠባ ከዚህ ቤት ይገኛል ወይስ አይገኝም? ክረምቱን ሙሉ ይህን እጠይቅ ነበር። ቄስ ዳኛቸውን ብጠይቃቸው እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ፤ ባለቤቴን ገብረ ማርያምን ብጠይቃቸው ፍልፈሉ ያውቃል አሉኝ። ስለዚህ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሳይበላሽ፣ ጎረቤታችን ብዙነሽም በራሷ መንገድ ሳታወራው፣ እኔ አያቱ ደሳለች እንዳየሁት ጻፍሁት።

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ የቤታችን ሣር ወርዶ ቆርቆሮ በለበሰ በአምስተኛው ዓመት፣ ቀይዋ ላም መንታ በወለደች በሁለተኛው፣ የእኔ ጉልበት ዳገት እንቢ ባለ በዘጠነኛው፣ በወርኀ ነሐሴ፣ ቡሄ አልፎ ፍልሰታም ተፈትቶ፣ ጉሙ ከጉና ተራራ ወርዶ በየጓሮው ሲተኛ፣ የባቄላው እሸት ሲሞላ፣ የበቆሎው ጸጉር ሲጠቁር፣ ቀድሞ የተዘራው ገብስ ነጣ ነጣ ሲል፣ ከጋፋት በታች ባለችው በእኛ ጓሮ ይህ ሁሉ ሆነ። ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለአንዱአምላክ፣ ሞአ ፍልፈል ዘእምነገደ ገብረ ማርያም፣ ሥዩመ ዶማ፣ ዐቃቤ ድንች፣ ብርድ ለማይስማማው ለልጄ ልጅ።

እኒህ አንዱአምላክ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በእኔ እጅ ያደጉ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሒሳብ አያያዝ ተምረው፣ ጥቁር ካባ ለብሰው ፎቶ ተነሥተው፣ ፎቶውም ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሎ፣ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልገው ያጡ ናቸው። በግንቦት ወደ ቤት ተመልሰው ከአያታቸው ከገብረ ማርያም ጋር ድንች ተከሉ፤ ድንቹ ሲያብብ ልባቸውም አብሮ አበበ፤ ከእንግዲህ ወዲያ የትም አልሄድም፣ ገበሬ እሆናለሁ አሉ። እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ ደስታዬን ደብቄ እንጨት ለቀማ የሄድሁ መስዬ ከቤቱ ጀርባ አለቀስሁ።

ነገር ግን በባሕር ዳር ሲሚንቶ የሚሸጠው የበኩር ልጄ ሙላቴ በስልክ አዋጅ ነገረ፤ ‹ልጁን ላኩልኝ እንጂ! የተማረ ሰው ድንች ሲኮተኩት እያያችሁ ዝም ትላላችሁ? እስከ እንቁጣጣሽ ቦታውን ይዤለታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ› አለ። እኔ የሲሚንቶን አቧራ አውቀዋለሁ። ልጁ ደግሞ ደረቱ ደካማ ነው፤ በአራት ዓመቱ ትክትክ ይዞት ነበር።

በዚያም ወራት ከምድር በታች ባላንጣ ተነሣ፤ ስሙም ፍልፈል ይባላል፤ ዓይኑ የጎመን ዘር የሚያህል፣ ጥርሱ መሮ የሚመስል፣ ግብር የማይከፍል፣ በዓል የማያከብር፣ ለሰው ላብ የማይራራ ነው። ድንቹን በሥሩ እየጎተተ ወደ ጎተራው ያስገባል፤ ቅጠሉ ከላይ ደኅና መስሎ ይቆማል። አንዱአምላክም አንዱን ግንድ ቢይዙት እንደ ቆብ ተነሥቶ በእጃቸው ቀረ፤ ከሥሩም ቀዳዳ እንጂ ድንች አልነበረም። ቀጥሎ ያለውን ቢይዙ እንዲሁ ሆነ። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ምሳም አልበሉም።

ያን ጊዜ ገብረ ማርያም፣ የቤቱ ጌታ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ጫማቸውን ግን ሁልጊዜ የሚያጡት፣ በበሩ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፤ ነጋሪ ስላልነበራቸውም ራሳቸው ነገሩ፤ ‹ስማ! ያልሰማህ ከሰማው ጠይቅ! አንድ ዕውር ፍልፈል ያሸነፈው ሰው ገበሬ አይባልም። ለዘመን መለወጫ ድንቹ ከዳነ ጓሮው የአንዱአምላክ ነው፤ ተለክቶ ይሰጠዋል፤ አርሶ ይብላበት። ካልዳነ ግን ሻንጣውን ይዞ አጎቱ ዘንድ ይሂድ! ብዙነሽም አጥር ላይ ሆነሽ እየሰማሽ ነውና ምስክር ሁኚ!› አሉ። ብዙነሽም ራሷን ከአጥሩ በላይ ብቅ አድርጋ መስክሬያለሁ አለች።

አንዱአምላክም ዶማቸውን ተሸክመው ከቤት ተነሥተው በድንቹ ጓሮ ሰፈሩ። አብረዋቸው የዘመቱትም እኒህ ናቸው፤ በቀኝ ክንፍ ጠቋር ውሻው፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ከአልጋ ሥር የሚገባው፤ በግራ ክንፍ ድመቲቱ፣ በወተት ቀለብ የተቀጠረችው፤ በደጀን ዶሮዪቱ ከነጫጩቶቿ፤ ማንም ሳይጠራት የመጣች አንዲት ፍየል፤ ከሁሉም በኋላ ጃንጥላና ደረቅ ካልሲ የያዝሁ እኔ።

መጀመሪያ ድመቲቱን ላኩ። እርስዋም ወደ ቀዳዳው ቀርባ አሸተተች፤ ፍልፈሉ ከውስጥ አፈር ገፍቶ አፍንጫዋ ላይ በተነባት፤ በአንድ ዝላይ አጥሩን፣ በሌላ ዝላይ ጣሪያውን ያዘች፤ እስከ ማታም አልወረደችም። ፍየሊቱ ግን በጦርነቱ መካከል ሁለት ግንድ ድንች ከነቅጠሉ ስለ በላች ከሠራዊቱ ተሰረዘች።

ወእምዝ በውኃ ዘመቱ። ከወንዙ በጀሪካን እያመላለሱ፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ፣ እኔም ከኋላ አረፍ በል ልጄ፣ ወገብህን፣ ወገብህን እያልሁ፣ ቀዳዳውን አጠጡት። ምድሪቱም ያን ሁሉ ውኃ ጠጥታ ዝም አለች። ብዙ ሳይቆይ ግን ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ፤ ብዙነሽ ቀሚሷን ሰብስባ በጎመኗ መካከል ቆማ አዋጅ ነገረች፤ ‹ኧረ የሰው ያለህ! እናንተ የገብረ ማርያም ቤቶች! ጓሮዬን ፎገራ አደረጋችሁት እኮ! ጎመን ተከልሁ እንጂ ሩዝ ዘራሁ አልኋችሁ? አንተ ምሩቅ! ውኃ ወደ ታች እንደሚወርድ በየትኛው ዓመት ነው የሚያስተምሯችሁ?› አለች። አንዱአምላክም ተሻግረው ውኃውን በቦይ አስወጡላት፤ የጎመኗንም ሥር አፈር አለበሱላት። እርስዋም እየተሳደበች አንድ እቅፍ የባቄላ እሸት ሰጠቻቸው።

ሦስተኛው ዘመቻ የማድፈጥ ነው፤ ሕጉም እንዲህ ነው። ፍልፈል እምብዛም አያይም፣ ኮቴ ግን አጥብቆ ይሰማል። ቀዳዳውን ከፍተው ሲተዉለት ነፋስ ስለማይወድ ሊደፍነው አፈር እየገፋ ይመጣል፤ አፈሩ የተነቃነቀ እንደ ሆነ በስተጀርባው ዶማ ይሰነዘራል፤ መመለሻው ተቆርጦ ይያዛል። እስከዚያ ድረስ ግን የቆመ ሰው እንደ ዋርካ መቆም አለበት፤ መተንፈስ እንጂ መናገር የለም።

አንዱአምላክም እንደ ዋርካ ቆሙ። ካፊያው በአንገታቸው ገባ፤ እርሳቸው አልተነቃነቁም። ዝንብ በአፍንጫቸው አረፈ፤ አልተነቃነቁም። አፈሩ ብቅ ማለት ሲጀምር እኔ ጋቢ ይዤ ደረስሁ፤ ፍልፈሉም ኮቴዬን ሰምቶ ተመለሰ። ዳግመኛ አፈሩ ሲነቃነቅ የበቆሎ ጥብስ በትኩሱ አመጣሁ፤ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ጃንጥላውን ዘርግቼ ከኋላቸው ቆምሁ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገርሁም፤ ዝናቡ ግን ጃንጥላው ላይ ከበሮ መታ፤ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ አንዱአምላክ፣ ትዕግሥታቸው እንደ ዓባይ ጥልቅ የሆነው፣ ፍልፈሉ እንዳይሰማ በሹክሹክታ አዋጅ ነገሩ፤ ‹እምዬ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጓሮ የሚራመድ፣ የሚያስል፣ በላህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ፣ ማንም ይሁን ማን ከፍልፈሉ ወገን ይቆጠራል!› አሉ። እኔም በሹክሹክታ መለስሁ፤ ‹እሺ የኔ ጌታ፤ እሄዳለሁ፤ ካልሲህ ግን ረጥቧል› አልሁ። ሄድሁም፤ በመስኮት ግን አያለሁ። መስኮት በአዋጁ አልተጠቀሰም።

እንዲህ እያለ የተክለ ሃይማኖት በዓል ደረሰ፤ ማኅበሩም በእኛ ቤት የሚጠጣበት ተራ ነበር። ቄስ ዳኛቸው መጡ፤ ብዙነሽ መጣች፤ ጎረቤትም መጣ፤ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ንፍሮው ከነድስቱ ቀረበ። የቤቱ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ አንዱአምላክ ብቻ ከጓሮ አልገቡም። ማረስ፣ መቆፈር፣ ማጨድ በዚህ ቀን ክልክል ነው፤ በዓል የሻረ ሰው በሰበካው ገብስ ላይ በረዶ ያስወርዳል ይባላል። እርሳቸው ግን መቆም በዓል አይሽርም ብለው ቆመው ነበር። ዶማውንስ የያዙት ልማድ ሆኖባቸው ነው።

ያን ጊዜ አፈሩ ተነቃነቀ።

እኔ በመስኮት አየሁ፤ ክንዳቸው ቀኑን ረሳ። ዶማው ወደ ሰማይ ወጣ፣ ከሰማይም ወረደ፣ እስከ እጀታው ድረስ በምድር ተሰካ፤ ድምፁም የጸሎቱን አሜን ቆረጠው። ሰው ሁሉ በጓሮው በር ተጋፍቶ ወጣ። ብዙነሽም ሁለት እጇን በራሷ ላይ ጭና አዋጅ ነገረች፤ ‹በተክልዬ ቀን ዶማ! እግዚኦ! ገብሴን ነገ ላሳጭድ ነው እኮ! ጉናን ተመልከቱ፤ እዩት እንዴት እንደ ጠቆረ! ገብሴ ላይ በረዶ ቢወርድ ማንን ልክሰስ? ፍልፈሉን ነው?› አለች። ጉናም በእውነት ጠቁሮ ነበር፤ ደመናውም እንደ ሞላ ስልቻ አብጦ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። እኔም በልቤ አልሁ፤ ድንቹ ቢድን እንኳ ገብስ ያስመታ ሰው በዚህ ሰበካ እንዴት ይኖራል?

ገብረ ማርያም ፈጥነው ‹ንቀለውና ደብቀው!› ብለው አዘዙ። ቄስ ዳኛቸው ግን መስቀላቸውን አንሥተው ከለከሉ፤ ‹ማንም እንዳይነቅለው! መንቀልም አፈር መገልበጥ ነው። አንዱ ጥፋት አንድ ሆኖ ይቅር፤ ሁለት አታድርጉት። ዶማው እስከ ነገ እንደ ተሰካ ይደር፤ እኛም ገብተን እግዚኦታ እናድርስ› አሉ። አንዱአምላክም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ‹አጥፍቻለሁ፤ ገብስ ከተመታ የእትዬ ብዙነሽን ማሳ ደግሜ አርሼ እዘራለሁ› ብለው በሁሉ ፊት ተናገሩ። ብዙነሽም እጇን ከራሷ ላይ አወረደች።

ሁላችንም ገብተን እግዚኦ ስንል፣ ዶማው ለካ የፍልፈሉን መመለሻ ከልሎበት ኖሯል። ወደ ፊት ቢል ነፋስ፣ ወደ ኋላ ቢል ብረት ሆነበት፤ ስለዚህ ቀን ለቀን ከምድር ወጥቶ፣ የተከፈተውን የጓሮ በር አልፎ፣ ወደ ማኅበሩ መካከል ገባ። ኦ አንባቢ፣ የሆነውን ምን ብዬ ልጻፈው! ብዙነሽ ገብረ ማርያም ከተቀመጡበት መደብ ላይ ወጣች፤ ገብረ ማርያም ብዙነሽን ይዘው ተነሡ፤ ጠቋር ከእኔ ቀሚስ ሥር ገባ፤ ጠላው ተገለበጠ፤ ቄስ ዳኛቸው እግዚኦታውን ሳያቋርጡ እግራቸውን ብቻ አነሡ። አንዱአምላክ ግን፣ አንበሳው፣ ፈጣኑ፣ የንፍሮውን ድስት ባንድ እጃቸው አንሥተው፣ ንፍሮውን በዳቦው ላይ ዘርግፈው፣ ድስቱን በፍልፈሉ ላይ ደፉት፤ በላዩም መጅ ጫኑበት። ዶማ አላነሡም፤ አፈር አልገለበጡም፤ በዓልም አልተሻረም።

በዚያች ሰዓት ምስር ምስር የሚያህል በረዶ በእኛ ቆርቆሮ ላይ ብቻ ኮሽ ኮሽ አለ፤ አፍታም ሳይቆይ አበቃ፤ ደመናውም ጥላውን ጎትቶ አለፈ። ብዙነሽ ከመደቡ ላይ ሆና በመስኮት ገብሷን አይታ እልል አለች። ቄስ ዳኛቸውም ‹ጥፋቱም በዚህ ቤት፣ ቅጣቱም በዚህ ጣሪያ፤ ነገሩ ተዘግቷል። ፍልፈሉ ግን በተክልዬ ቀን ደም አይፈስምና እስከ ነገ ታስሮ ይደር› ብለው ፈረዱ።

እኔም ቤቱ ጸጥ ሲል ድስቱን ሳየው ልቤ አላስችል አለኝ። ጌታ የፈጠረው ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ደግሞ ምንም አልቀመሰም። የድስቱን ከንፈር በማማሰያ ከፍ አድርጌ ሁለት ድንችና ጥቂት ባቄላ አሾለክሁለት። ገብረ ማርያምም ደርሰው አዩኝና ‹ኸረ ሴትዮ! ለሌባ ስንቅ ታቀብያለሽ? ቅቤም ጨምሪለት!› ብለው አዋጅ ነገሩብኝ። ቅቤ እንኳ አልጨመርሁም።

በማግስቱ አንዱአምላክ ሠራዊቱን ሰብስበው፣ መጁን አውርደው፣ ድስቱን ገልጠው አዩ። ከሥሩም የባቄላ ልጣጭ ነበረ፤ ከልጣጩም አጠገብ ወደ ቤታችን ሆድ የሚወርድ አዲስ ቀዳዳ ነበረ። ፍልፈልን በጭቃ ወለል ላይ በድስት ማሰር ዓሣን በባሕር ማሰር እንደ ሆነ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አላሰበም፤ ቄሱም አላሰቡም፤ እኔም ድንች ሳቀብል አላሰብሁም። ልጄ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን ጠረገ።

ነገር ግን ከዚያች ቀን ወዲህ በድንቹ ጓሮ አንድ ግንድ አልጠወለገም። ፍልፈሉ ሞቃት ቤት፣ ዝናብ የማይገባበት ጣሪያ፣ የምታበላ አሮጊት አግኝቷልና ወደ ጓሮ አልተመለሰም። ጳጉሜም ገባ፤ አንዱአምላክ ድንቹን ቆፈሩ፤ ከየግንዱም ሥር የዶሮ እንቁላል፣ የሕፃን ጡጫ፣ የጎልማሳ ጡጫ የሚያህል ድንች ወጣ፤ ጆንያው ሞልቶ በበሩ ጎን ተደረደረ፤ ብዙነሽም ቀምሼ አምናለሁ ብላ የቅርጫቷን ያህል ወሰደች።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ልጃገረዶቹ አደይ ይዘው ዘፍነው ከሄዱ በኋላ፣ ሙላቴ በስልክ ‹ይመጣል ወይስ አይመጣም? ቁርጡን ንገሩኝ!› አለ። ቤቱም ሁሉ ወደ ገብረ ማርያም ተመለከተ። እርሳቸውም መደባቸው ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን እያሻሹ ‹ፍልፈሉ አልሞተም› አሉ። ልጁ ወደ ሻንጣው አየ። እኔም የሙላቴን ስልክ ዘጋሁበት፤ አውቄ ነው።

ያን ጊዜ ብዙነሽ፣ አጥር የማያግዳት፣ ምላሷ የማይደክማት፣ በበሩ ገብታ አዋጅ ነገረች፤ ‹አያ ገብረ ማርያም! ምስክር አድርገውኛልና ልመስክር! ፍልፈሉ ይሙት አላሉም፤ ድንቹ ይዳን ነው ያሉት! ይኸው ድንቹ! እኔም በልቼዋለሁ! ቃልዎ አይታጠፍም ስንባል ኖረናል፤ ዛሬ ቢታጠፍ ለአገር አወራለሁ፤ እንደማወራም ያውቁኛል!› አለች። ንግግሯን ሳትጨርስ ከመደቡ ሥር አፈር ተነቃነቀ፤ ፍልፈሉም ክምሩን ገፍቶ ገፍቶ የገብረ ማርያምን ጫማ እስከ አፉ ሞላው። ማንም አልሳቀም፤ ሳቃችንን ግን የያዝነው በጥርሳችን ነው።

ስለዚህ እላለሁ፤ ክብር ለአንዱአምላክ፣ ሞአ ፍልፈል፣ ውኃን ዳገት ሊያስወጡ ላሰቡት፣ በካፊያ ሳይነቃነቁ ለቆሙት፣ በዓልን አፍርሰው በድስት ለጠገኑት፣ በሰበካ ፊት አጥፍቻለሁ ለማለት ላላፈሩት! ድንቻቸው እንደ ከዋክብት ይብዛ፤ ዶማቸው አይዛግ፤ ደረታቸው ከብርድ ይጠበቅ፤ ካልሲያቸው ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን፤ ስማቸውም ከጋፋት እስከ ሐሙሲት ገበያ፣ ከሐሙሲትም ወዲያ ድንች እስከሚበላበት አገር ሁሉ ይጠራ፤ አሜን ወአሜን!

ገብረ ማርያም ጫማቸውን አንሥተው አፈሩን አራገፉ፤ ተጫሙት። ከግድግዳው ላይ መሬት የሚለኩበትን ጠፍር አወረዱ፤ ከበሩ ኋላ አራት ካስማ መርጠው በብብታቸው ያዙ። ወደ ልጁም አላዩ፣ ወደ እኔም አላዩ። በጓሮው በር ወጡ።